ከበረንዳው እስከ ጂፑ የተዘረጋው ሽቦ

ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሲገባ አንድ ወጣት አዲስ መኪናውን ከጋራዤ በር ላይ አቁሞ ወረደና ከካርቶን ውስጥ ጥቅል ሽቦና ትንሽ ሪሞት አውጥቶ አሳየኝ። መኪናን ከሩቅ የሚያስነሳ ዕቃ ነው፤ ዘመድ ከውጭ ልኮለታል።

“አባባ፣ ጠዋት ጠዋት ቤት ውስጥ ሆኜ ላስነሳው ብዬ ነው፤ እስክወጣ ሞቆ ይጠብቀኛል። ይገጥሙልኛል?” አለኝ።

“አልገጥምም” አልሁት።

“ይከብዳል እንዴ?”

“ሌላ ሰው ፈልግ፣ ልጄ።”

የማልችለው መስሎት ነው መሰል፣ አመስግኖኝ በትሕትና ሄደ። ለእኔ ግን ዕቃው አዲስ አልነበረም። እሱ ሳይወለድ፣ ሪሞት የሚባል ነገር ባሕር ዳር ውስጥ ሳይታይ፣ በእነዚህ እጆቼ መኪና ከሩቅ የሚያስነሳ ነገር ሠርቻለሁ። የሠራሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ለልጆቼ ቁንጽል ቁንጽሉን እንጂ ሙሉውን ነግሬያቸው አላውቅም።

ጊዜው ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ዓመት ሲቀረው ነበር። የሃያ ሰባት ዓመት ሰው ነበርሁ፤ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋራዥ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ እሠራለሁ። የተወለድሁት ዱርቤቴ ነው፤ ሙያውን ግን እዚሁ ባሕር ዳር፣ በወጣትነታቸው ጣሊያን ዘንድ ከሠሩ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ተማርሁት። ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ነበር። ከተማው ላይ ላዩን ሲያዩት እንደ ወትሮው ነው፤ ዘንባባው በመንገዱ ግራና ቀኝ ቆሟል፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በየፈረቃው ሠራተኛ ያስገባል ያስወጣል፣ ታንኳዎች ከዘጌ እንጨት ጭነው ይመጣሉ። ሰው ግን ድምፁን ቀንሶ ነበር የሚያወራው። ገበያ የተላከ ልጅ ታፍሶ ይቀራል። ከጎንደር በኩል የሚመጣው የጦርነት ወሬ በየሳምንቱ አንድ ወረዳ እየዘለለ ይቀርበን ነበር።

በጋራዡ ከሚመላለሱት ሹፌሮች ሁሉ አብልጬ የምወዳቸው አንድ ሰው ነበሩ። ዕድሜያቸው ወደ ስልሳ ተጠግቷል፤ የደቅ ደሴት ሰው ናቸው። ደሴት ተወልዶ ሹፌር መሆናቸው ለሌሎቹ የማያልቅ ቀልድ ነበር። “መሪ የለመዱት በታንኳ ነው ወይ?” ሲሏቸው፣ “ታንኳ ፍሬን የለውም። ያለ ፍሬን የኖረ ሰው መኪና ምን ያስቸግረዋል?” ብለው ይመልሳሉ። ሚስታቸው ደቅ ናቸው፤ ፈቃድ ባገኙ ቁጥር በጀልባ እየተሻገሩ ያዩአቸዋል። ያላቸው አንድ ወንድ ልጅ ነው፤ እሱም ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሰሜን ነበር። ጡረታ ሊወጡ ትንሽ ነበር የቀራቸው። እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ። የሚነዱት የኃላፊያችንን ጂፕ ነበር።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ወደ መሥሪያ ጠረጴዛዬ መጥተው በሩን ገርበብ አደረጉት።

“ወንድምዓለም፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። አትስቅብኝም?”

“ምን በወጣኝ፣ ጋሼ!”

“መኪና ሰው ሳይገባበት ይነሳል?”

አልገባኝም ነበር። በርጩማ ስቤላቸው ተቀመጡና ነገሩን ከመጀመሪያው ነገሩኝ። በሌላ ከተማ የአንድ ባለሥልጣን መኪና ቁልፉ ሲዞር ፈነዳ የሚል ወሬ ተወርቶ ነበር። እውነት ይሁን ውሸት እስከ ዛሬ አላውቅም። ኃላፊያችን ግን አምኖታል። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ጋሼ ብቻቸውን ጂፑ ውስጥ ገብተው ቁልፉን ሲያዞሩ፣ ኃላፊው ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ከጓሮ፣ ከማድ ቤቱ ግንብ ጀርባ ይቆማል። ሞተሩ ተነስቶ ጥቂት ከቆየ በኋላ ኮቱን እያስተካከለ ብቅ ይላል።

“ሁለት ወር ሊሞላኝ ነው” አሉኝ። “ቁልፉን ሳዞር ዓይኔን እጨፍናለሁ። አቡነ ዘበሰማያትን እጀምራለሁ፤ ‘ወኢታብአነ’ ስል ሞተሩ ይነሳል። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ምን መሰለህ? ሲመጣ ‘ጎበዝ’ ይለኛል። ሙት ብሎ ልኮኝ ሳልሞት ሲያገኘኝ ጎበዝ!”

“እምቢ ቢሉትስ?”

“ልጁ ግንባር ያለ ሰው እምቢ አይልም። ልጄ ያለበትን አጣርቶ ሊነግረኝ ቃል ገብቶልኛል። ደብዳቤ ካቋረጠ ስምንት ወሩ ነው።”

አሰብሁበት። ነገሩ ከባድ አልነበረም። ሞተር እንዲነሳ ሁለት ነገር ያስፈልገዋል፤ አንደኛ ከባትሪው እሳት ማግኘት፣ ሁለተኛ ማስነሻው፣ ሞተሪኖው፣ ዞሮ መቀስቀስ። ቁልፉ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ከሁለቱም ቦታ ሽቦ ስቦ ወደ ሩቅ ቢወስዱት፣ ቁልፉን ከዚያ እንዳዞሩት ይቆጠራል።

“ይቻላል፣ ጋሼ። ከበረንዳ ላይ ሆነው ያስነሱታል” አልኋቸው።

እጄን በሁለት እጃቸው ያዙት። “እንግዲያው አንተ ራስህ እንዳሰብኸው አድርገህ ንገረው። እኔ ፈራሁ ማለት አልችልም።”

ኃላፊው አርባ ዓመት ያልሞላው፣ ጫማው ሁልጊዜ የተወለወለ፣ ሲናገር ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ የጂፑ ክላክስ ተበላሽቶ ወደ ጋራዡ መጣ። ክላክሱን እየሠራሁ፣ “ጓድ፣ ጠዋት ጠዋት ብርዱ ሞተሩን እያስቸገረ ነው። ከበረንዳ ላይ ሆኖ ቀደም ብሎ ማስነሳት የሚቻልበት ዘዴ ነበር” አልሁት።

መሐረብ አውጥቶ ጣቶቹን አንድ በአንድ ጠረገ።

“እፈራለሁ ያለህ ማን ነው?”

“ማንም አላለኝም፣ ጓድ። እኔ ስለ ሞተሩ ነው።”

ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። ጋሼ ከጂፑ ማዶ ቆመው ንጹሑን መስታወት ይወለውላሉ።

“ይሠራል?” አለ በመጨረሻ።

“ይሠራል።”

“እሑድ ቤት ና። ወሬው ከግቢዬ ከወጣ ግን . . .” ብሎ ተወው። ቀሪውን ራሴ ጨረስሁት።

ቤቱ ሐይቁ ዳር ነው፤ ግቢው በጥቁር ድንጋይ ግንብ ታጥሯል። ጂፑ የሚቆመው ከአንድ የዋንዛ ዛፍ ጥላ ሥር፣ አፍንጫውን ወደ ግንቡ አድርጎ ነበር። ከተቃጠለ የጭነት መኪና የፈታኋቸውን፣ ትንሽ እሳት ሲነካቸው ትልቁን የሚያሳልፉ ሁለት ሪሌዎች፣ አንድ የቤት መብራት ማብሪያና አንድ የበር ደወል መጫኛ ይዤ ሄድሁ። ማብሪያው ለሞተሩ እሳት እንዲሰጥ፣ የደወሉ መጫኛ ደግሞ ሞተሪኖውን እንዲያዞር ነው። ሁለቱንም በረንዳው ምሰሶ ላይ በሳንቃ አሰርኋቸው። ሽቦውን በግንቡ ሥር አሳልፌ እስከ ጂፑ ዘረጋሁት፤ መኪናው መሄድ ስላለበት ጫፉ ላይ የሚነቀልና የሚሰካ ሶኬት አደረግሁበት። ጋሼ ፒንሳና ካቻቢቴ እያቀበሉኝ፣ ሽቦ የጠቀለልሁበትን ናስትሮ በጥርሳቸው እየቆረጡልኝ አብረውኝ ዋሉ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር መናገር አለብኝ። አንደኛው ሽቦው ነው። ያመጣሁት ሽቦ የደረሰው እስከ ጂፑ የፊት መከላከያ ብቻ ነበር። ሶኬቱን በሹፌሩ በር በኩል ልገጥመው አስቤ ነበር፤ ለዚያ ሦስት ሜትር ያህል ጎደለኝ። ሦስት ሜትር ሽቦ ጋራዡ ውስጥ አይጠፋም ነበር። መመለሱ ስለከበደኝ ከፊት፣ ከመከላከያው ሥር አሰርሁት። ጂፑን ከበረንዳው ጋር የሚያገናኝ ሰው በመኪናውና በግንቡ መካከል ማጎንበስ ነበረበት።

ሁለተኛው ማርሹ ነው። መኪና ማርሽ ውስጥ ሆኖ ሞተሪኖው ከዞረ ወደፊት ይዘላል። ይህን ማንም ሹፌር ያውቀዋል፤ ፍሪሲዮን የሚረግጥ ሰው ከሌለ ደግሞ የሚያቆመው የለም። የጂፑ የእጅ ፍሬን ካለቀ ቆይቷል። ስለዚህ ማርሹ ዜሮ ላይ ካልሆነ ሽቦውን የሚቆርጥ ትንሽ ማጥፊያ ከማርሹ ዘንግ ሥር መግጠም ነበረብኝ። ኃላፊው በረንዳው ላይ ተቀምጦ ብርቱካን ሲልጥ ቀርቤ ነገርሁት።

“ስንት ጊዜ ይፈጃል?”

“ዕቃውን ፈልጌ ለሚመጣው እሑድ እገጥመዋለሁ፣ ጓድ። እስከዚያው ባይነካ . . .”

“ያለሱ ይሠራል አይደል?”

“ይሠራል፤ ግን ማርሹ ሁልጊዜ መታየት አለበት።”

“ሹፌሩ አለ አይደል? ያያል።”

ጋሼ ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። እኔም ወደ ሽቦዬ ተመለስሁ።

ሲያልቅ ጋሼ ማርሹን አይተው፣ ሶኬቱን ሰክተው ወደ በረንዳው ወጡ። ማብሪያውን አበሩ፤ ሌባ ጣታቸውን ደወሉ ላይ አድርገው አንዴ አዩኝና ተጫኑ። ሞተሪኖው አጉረመረመ፤ ጂፑ ብቻውን፣ ባዶ ወንበሩን ይዞ ተነሳ። ጋሼ አማተቡ። ከዚያ ሳቁ። ያን ያህል ሲስቁ አይቼአቸው አላውቅም፤ ዕንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ወርደው መኪናውን ሁለት ጊዜ ዞሩት፣ በመስኮት አጮልቀው ውስጡን አዩት። ኃላፊው “ጎበዝ” አለኝ። ኮራሁ። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል፤ ያን ቀን ግን ኮርቼ ነው ወደ ቤቴ የገባሁ።

በሚቀጥለው እሑድ ማጥፊያውን ልገጥም አልሄድሁም። የታመመ ሰው አልነበረብኝም፤ የጠራኝ ሥራም አልነበረም። ደክሞኝ ነበር፤ ቤቴ ተኛሁ። ከዚያ በኋላ ባለው እሑድም አልሄድሁም። ነገሩ እየሠራ ነው፤ የሚሠራ ነገር ደግሞ ያዘናጋል።

ጋሼ ለአንድ ወር ያህል ሌላ ሰው ሆኑ። ከደቅ ሲመለሱ በሰልቻ ሎሚ ይዘውልኝ መጡ። “ዓይኔን ሳልጨፍን መኪና ማስነሳት ጀመርሁ” አሉኝ። ስለ ጡረታቸው ያወሩ ጀመር፤ ማሳቸው ዳር ጌሾ ሊተክሉ ነው፣ የቤታቸውን ክዳን ሊቀይሩ ነው፣ ልጃቸው ሲመጣ ሊድሩት ነው። ኃላፊው ስለ ልጃቸው የላከው ደብዳቤ መልስ ሊመጣለት መሆኑን ነግሯቸዋል።

ነገር ግን ኃላፊው የደወሉን መጫኛ ወደደው። እንግዳ ሲመጣ በረንዳው ላይ አውጥቶ ያሳይ ጀመር። ፍርሃቱም እየተወው መጣና ጂፑን ከሥራ በኋላ ራሱ ይነዳው ጀመር።

“መጫወቻ አገኘልህ” አሉኝ ጋሼ አንድ ቀን። ቀጥለው ፊታቸውን ኮስተር አደረጉ። “ማርሽ አስገብቶ ነው የሚያቆመው። ፍሬኑ ስለማይዝ ነው ይላል። ጠዋት ሳላይ አልነካውም።”

“አደራ፣ ጋሼ። ሳያዩ እንዳይጫኑ።”

“እኔማ አያለሁ።”

ሁለታችንም ስለሚጫነው ሰው ስናወራ ስለ እሳቸው ብቻ ነበር የምናወራው። ሌላ ሰው ማርሹ ሳይታይ ሊጫነው እንደሚችል ያን ጊዜ አልመጣልኝም።

ታኅሣሥ ውስጥ ነው፣ ሰኞ ጠዋት። በቦታው አልነበርሁም፤ ያየው የግቢው ዘበኛ ነው የነገረኝ። ከሐይቁ የሚነሳው ንፋስ ይቆረጥም ነበር አለ። ኃላፊው ስብሰባ ረፍዶበት ቀድሞ በረንዳው ላይ ወጥቷል። ጋሼ በእግራቸው እየተጣደፉ ገቡ፤ ሰላም አሉ። “ቶሎ በል፣ ቶሎ በል” አላቸው። ማርሹን ሊያዩ ወደ ሹፌሩ በር ሲሄዱ፣ “መጀመሪያ ሰካው እንጂ!” ብሎ ጮኸባቸው። ድምፁን ከፍ የማያደርገው ሰው ያን ቀን ጮኸ። ጋሼ ተመልሰው ከጂፑ ፊት አጎነበሱና ሶኬቱን ሰኩ። ቀና ሊሉ ነበር። ኃላፊው መሰካቱን አየ፤ ማብሪያውን አበራ፤ ደወሉን ተጫነ።

ጂፑ ማርሽ ውስጥ ነበር። ዘለለና ጋሼን ከጥቁሩ ግንብ ጋር አጣበቃቸው። ዘበኛው እንደሚለው ኃላፊው ደነገጠና ጣቱን ከመጫኛው ላይ ማንሳት ረሳ፤ ሞተሪኖው እያጉረመረመ መኪናውን ይገፋው ነበር። ዘበኛው ሮጦ ሽቦውን በሁለት እጁ በጠሰው።

ሆስፒታል ስደርስ ከሰዓት ሆኖ ነበር። ግራ እግራቸው ከጉልበት በላይ ተቆርጧል፤ የቀኝ ዳሌያቸው ተሰብሯል። አላወቁኝም። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ እጆቼን አየሁ፤ ጥፍሮቼ ሥር የባትሪ ጥቀርሻ ነበር። ሲመሽ ቤቴ ገባሁ። ባለቤቴ፣ “ምን ሆነሃል?” ስትለኝ፣ “ሹፌሩን መኪና ገጫቸው” አልኋት። የትኛው መኪና፣ እንዴት አድርጎ፣ አልነገርኋትም።

በሦስተኛው ቀን አስተዳደር ክፍል ተጠራሁ። የአስተዳደሩ ሰው በታይፕ የተመታ ወረቀት ፊቴ አስቀመጠ። ሹፌሩ መኪናውን ማርሽ ውስጥ አስገብቶ አቁሞ፣ በራሱ ጥንቃቄ ጉድለት አደጋው ደረሰበት ይላል። ስለ በረንዳው፣ ስለ ሽቦው፣ ስለ ደወሉ አንድ ቃል የለም። ከግርጌው “ያረጋገጠው ባለሙያ” የሚል ቦታ ነበረው። ስሜም ተጽፏል።

“እንዲህ አይደለም የሆነው” አልሁ።

“እንዴት ነው የሆነው?” አለኝ ረጋ ብሎ። “የመንግሥት መኪና ላይ ያለ ፈቃድ ሽቦ የቀጠለው ማን ነው? ማን አዘዘህ? ያዘዘህበት ወረቀት አለህ? ይህን ጸረ አብዮት ሥራ ነው የሚል ሰው ቢመጣ ምን ትመልሳለህ? ሚስትህ እርጉዝ ናት አሉ።”

መስኮቱ ክፍት ነበር፤ ከውጭ የሥራ መግቢያ ደወል ይሰማል። ብዕሩን አነሳሁ። ፈረምሁ። ሰውየው ወረቀቱን አጥፎ መሳቢያ ውስጥ አስገባና ወደ ሥራዬ እንድመለስ ነገረኝ።

ጋሼን ያነጋገርኋቸው ከሳምንት በኋላ ነው። ሚስታቸው ከደቅ መጥተው ከአልጋው ሥር ሰሌን ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ውኃ ሊቀዱ ወጡልን። የጋሼ ፊት ሟሽሿል፤ ጺማቸው ነጭ ሆኖ በቅሏል።

“ወረቀት አስፈረሙህ?” አሉኝ።

“አስፈረሙኝ፣ ጋሼ።”

“ፈረምህ?”

“ፈረምሁ።”

ጣራውን ያዩ ነበር። “እኔም ፈርሜያለሁ” አሉ። “ማታውን ያሽከረከርሁት እኔ ነኝ ብያለሁ። ራሱ መጥቶ ነበር፤ እዚያ አንተ የቆምህበት ላይ ቆሞ። የልጄ ደብዳቤ መልስ በዚህ ወር ይደርሳል አለኝ።”

ይቅር ይበሉኝ ልላቸው አፌን ከፈትሁ። ሽቦው ማጠሩን፣ ማጥፊያውን አለመግጠሜን፣ እሑድ መተኛቴን ልነግራቸው ነበር። ሚስታቸው ውኃውን ይዘው ገቡ። ያን ዕለት ያልተናገርሁት ነገር ከዚያ ወዲህም ፊት ለፊት መናገሪያ አላገኘም።

አደጋው በራሳቸው ጥፋት ስለተባለ ከመሥሪያ ቤቱ ያለ ምንም የጉዳት ካሳ ተሰናበቱ። ከሆስፒታል የወጡ ቀን ወደብ ድረስ ሸኘኋቸው። ሁለት የጀልባ ሠራተኞች በወንበር ተሸክመው ሲያሳፍሯቸው፣ ያ ሁሉ ሰው የሚስቅበት ቀልዳቸው ካፋቸው ይወጣ ይሆን ብዬ ጠበቅሁ። አልወጣም። “በርታ” ብቻ አሉኝ። ሚስታቸው ክራንቹን በነጠላቸው ጠቅልለው እንደ ሕፃን አቅፈውት ነበር። ጀልባው እስኪርቅ ቆሜ ቀረሁ።

ያን ሰሞን ሴት ልጄ ተወለደች። ክርስትናዋ ላይ ሰው “ደስ አይልህም እንዴ?” ይለኝ ነበር።

ኃላፊው ጂፑ ላይ የቀረውን ሽቦ እንድነቅል አዘዘኝ። ነቀልሁት። የልጁ ደብዳቤ መልስ መጣ ወይ ብዬ ለመጠየቅ ግን ድፍረት አላገኘሁም። ከዚያ ዘመኑ ተገለበጠ። መንግሥቱ ሊወድቅ ሲል ኃላፊው ቤተሰቡን ይዞ አንድ ጠዋት ከከተማው ጠፋ፤ ወዴት እንደሄደ የሚያውቅ አላገኘሁም። የአስተዳደሩም ሰው አልነበረም። ወታደሮች በየመንገዱ ጠመንጃቸውን እየጣሉ፣ በባዶ እግራቸው በዘንዘልማ በኩል ሲያልፉ ቆሜ እያንዳንዱን ፊት አይ ነበር። የጋሼን ልጅ አንድ ጊዜ በፎቶግራፍ ብቻ ነው የማውቀው፤ ቢያልፍም እለየው እንደነበር እርግጠኛ አይደለሁም።

አገር ሲረጋጋ ተቀምጬ የሆነውን ሁሉ ጻፍሁ። አንድ ሉክ ወረቀት ፊትና ጀርባው ሞላ። የፈረምሁት ውሸት መሆኑን፣ ማርሹን ያስገባው ማን፣ የተጫነው ማን፣ ሽቦውን ያሳጠረው ማን እንደሆነ ጻፍሁና ፈረምሁበት። ወደ አዲሶቹ ሹሞች ወሰድሁት። የተቀበለኝ ወጣት አንብቦ፣ “ፋይሉ ከተገኘ የሰውየው ጉዳይ ሊታይ ይችላል። ግን ባለጉዳዩ ራሳቸው ማመልከት አለባቸው” አለኝ። ደግ ልጅ ነበር።

ስለዚህ ወረቀቱን ይዤ ደቅ ሄድሁ። ጀልባው ቀኑን ሙሉ ነው የሚሄደው። በማግስቱ ጠዋት ሰው አሳየኝና ወደ ቤታቸው የሚወስደውን ቀጭን መንገድ ይዤ ወጣሁ። ክዳኑ አልተቀየረም። ሚስታቸው ከበሩ ላይ ሽምብራ ሲያበጥሩ አገኘኋቸው። ወዲያው አወቁኝ። ተነስተው ሰላም አሉኝና መደብ ላይ አስቀመጡኝ።

“ጋሼ አሉ?”

“ተኝተዋል።”

ከውስጥ ክራንች መሬቱን ሲመታ ይሰማ ነበር፤ ቀስ ብሎ ወደ በሩ መጣ፤ ቆመ።

ወረቀቱን አውጥቼ ምን እንደሆነ ነገርኋቸው። ድምፄን ከፍ አድርጌ ነበር፤ ከውስጥ እንዲሰማ። ጋሼ ባሕር ዳር መጥተው ቢያመለክቱ ጉዳያቸው እንደሚታይ፣ ማደሪያ እኔ ቤት እንደሆነ፣ ወጪውንም ሁሉ እኔ እንደምችል ተናገርሁ። ሚስታቸው ሰፌዳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው እስክጨርስ ሰሙኝ።

“ወረቀቱ ልጅ ይመልሳል?” አሉኝ።

“አይመልስም፣ እማማ።”

“እሳቸው የፈረሙት ለልጁ ነበር። እግራቸውንማ እግዜር ያውቃል ብለው ትተውታል።”

“እኔ ስለ ራሴ ጥፋት ጭምር ነው የመጣሁ።”

“እሱንም ያውቁታል። አጎንብሰው የሰኩት እሳቸው አይደሉ? ለምን ከፊት እንዳደረግኸው ብዙ ቀን አስበውታል።” ይህን ሲሉ አልተቆጡም። “አሁን ሰላም እንዲሰጧቸው ነው የሚፈልጉ። ይዘኸው ሂድ።”

ለመነሳት ስል እንግዳ ባዶ ሆዱን አይሄድም ብለው ያዙኝ። የተቀቀለ ሽምብራና ጠላ አቀረቡልኝ። በላሁ። አንዲት ሳንቃ በር ብቻ ነበረች በመካከላችን። ከማዶዋ ሲተነፍሱ ይሰማኛል። “ጋሼ” ብዬ አንድ ጊዜ ተጣራሁ። ክራንቹ ተመለሰ፤ አልጋው ሲንቋቋ ሰማሁ።

ከዚያ በኋላ አልሄድሁም። ዓመት አልፎ፣ ከደቅ የሚመላለስ አንድ የጀልባ ሠራተኛ ወደብ አካባቢ አገኘኝና ጋሼ በጾመ ፍልሰታ ማረፋቸውን ነገረኝ። ተዝካራቸው ወጥቶ አልቋል። ልጁ አልመጣም።

“ታውቃቸው ነበር እንዴ?” አለኝ።

“አብረን ሠርተናል” አልሁት።

ከዚያ ወደ ጋራዥ ተመለስሁ። አንድ ሚኒባስ ፍሬቻው እምቢ ብሎ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር፤ ኮፈኑን ከፍቼ ሽቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ መፈተሽ ጀመርሁ።